ኦፓል ገዢው ጋሽ እስኪ ይድረቅ

በየሙያው አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። ሚዛን ላይ የሻጩን ጣት የሚፈልግ፣ ሐኪም «ደህና ነህ» ሲለው «ምን ደብቆኝ ነው?» የሚል ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ በጥሬው የሚገዛ ሰው ነው። የጥሬ ኦፓል ገዢዎች አለቃ ደግሞ እኔ ድንጋይ ከምሞርድባት ክፍል ፊት ለፊት ቢሮ ያላቸው ክቡር ጋሽ እስኪ ይድረቅ ናቸው።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። አንዳንዱ ኦፓል ከመሬት እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ እንደ ፍም ያበራል፤ ሲደርቅ ወይ ይነጣል፣ ወይ እንደ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሻጭ ውሃ የሞላ ብልቃጥ ይዞ ሲገባ፣ ጋሽ ቀና እንኳ ሳይሉ «እስኪ ይድረቅ» ይላሉ። የእጅ ባትሪ የሚያበራ ከመጣም ወዮለት! «አጥፋው! እኔ የምገዛው ድንጋዩን ነው እንጂ ባትሪውን አይደለም።»

ታሪክ ሲያወሩ እንኳ ይጠረጥራሉ። ድሮ ኦፓል ገደ ቢስ ነው እየተባለ ሰው ጣቱ ላይ ማድረግ ይፈራ ነበር አሉ። «ማን አስወራው?» ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «የአልማዝ ነጋዴ ነዋ!» ከሩቅ አገር አዲስ ኦፓል ገበያ ሲገባ ደግሞ የቀድሞዎቹ ሻጮች «ይሄ ሐሰተኛ ነው» ብለው አጣጣሉት።

«እና ተሳስተው ነበር?» አልኳቸው።

«መጠርጠራቸውስ ደግ ነበር። የጠረጠሩበት ምክንያት ነው የሚያጠራጥረኝ።»

ታላቅ እህቴ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ወደዚህ ንግድ ልትገባ የተነሳችው ያን ሰሞን ነው። አንድ አፈ ቅቤ ደላላ ብልቃጥ ሙሉ ድንጋይ ይዞ እኔ ክፍል መጣ። ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ሲንቦገቦግ እኔም ልቤ ሸፈተ። ጋሽ ማንም ሳይጠራቸው በር ላይ ቆሙና ወደ እህቴ ዞሩ።

«አውጥተሽ መስኮት ላይ አስጪው፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንሠራው በእምነት ነው» አለ ደላላው።

«እምነትህን ውሰድና ድንጋዩን ተውልን፤ እስኪ ይድረቅ።»

ደላላው ሌላ ገዢ እየጠበቀው እንደሆነ ተናገረ። እህቴ ተቆጣች። «እርስዎ ሰው ሲያልፍለት ማየት አይወዱም!» አለችና ከፈለች።

ከውሃው በወጣ ሳምንት ሳይሞላው ያ ብልቃጥ ሙሉ እሳት የኖራ ፍርፋሪ ሆነ። ደላላው ስልኩን አያነሳም። እህቴ የመሞረጃ ማሽኔ አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ ጋሽ ገቡ። «አላልኩሽም?» እንዳይሏት ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አላሉም። ወንበር ስበው ፍርፋሪውን አንድ በአንድ አገላበጡት።

«ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ተቀመጪ» አሏት።

«ምን ልሠራ?»

«ከውሃ የወጣ ድንጋይ ሲመጣ ታያለሽ። አንቺ የተማርሽውን ማንም በነጻ አይማረውም።»

ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ። እሷ ያየችውን ሁሉ እሳቸው ደግመው ያዩታል። ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አንዱ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በፋሻ ታሸገ፤ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ጉም ሆኖባቸዋል። እረፉ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። «ቢሮዬን ከዘጋሁ ዋጋ ለመስቀል የሚያደቡትን አላውቃቸውም?»

አንድ የቆየ ሻጭ አጋጣሚው እንዳያመልጠው እየሮጠ መጣ። እህቴ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«ምን ይታይሻል?» አሉ ጋሽ።

«አረንጓዴ፤ ሲዞር ቀይ ይመጣል። ደርቋል። ጎኑ ላይ ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።»

«የምን ስንጥቅ!» ብሎ ጮኸ ሻጩ። «ጋሼ፣ እንኩ፣ በእጅዎ ይዳስሱት!»

ጋሽ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እሷ አለ ካለች አለ።»

እኔ ክፍል ሆኜ ይህን ስሰማ የምሞርደው ድንጋይ ከእጄ አመለጠ። ማታ ቤታቸው ላደርሳቸው ስንወጣ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ዛሬ ሰው አመኑ እኮ!»

«ማ? እኔ? ስሜን አታጥፋ!» አሉና ክንዴን ጭምድድ አድርገው ያዙ። መንገዱን ሁሉ ሐኪሙን ሲያሙ ነበር፤ በቀዶ ሕክምናው ዓይናቸው ውስጥ የገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ሌላ ሰው የተጠቀመበት ሳይሆን አይቀርም ባይ ናቸው። መኪና የሚርመሰመስበት አስፋልት ዳር ደረስን። ቆሜ ግራ ቀኝ አየሁ። እሳቸው ምንም አልጠየቁኝም። እግሬን ሳነሳ እግራቸውን አነሱ።