ጋሽ ከመነሻውና የጠፋው ላይሰንስ

ሰው በሚኖርበት ቦታ ሁሉ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን ሳይሆን የመልሱን የዘር ሐረግ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ፤ በየቤተ ዘመዱ ደግሞ ቢያንስ ሁለት። «ስንት ሰዓት ነው?» ያልከው እንደሆነ ሰዓቱን የሸለመውን ሰው፣ የሸላሚውን አባት፣ አባትየው የሞቱበትን ሕመም ነግሮህ እስኪያበቃ፣ ሰዓቱ ሌላ ሰዓት ሆኗል።

የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የዚህን ወገን አለቃ፣ ክቡር ጋሽ ከመነሻውን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ችሎ አኑሯል። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያውቀው የለም። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ነገሩን ከመነሻው ብንይዘው ይሻላል» ስለሚሉ ሠራተኛው ስማቸውን ለውጦ ዐረፈው።

አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን ብርጭቆ አንሥቶ «ይሄ ውሃ ይጠጣል?» ቢላቸው፣ ወንዙ ከሚፈልቅበት ተራራ ጀመሩ። «አዎ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ሰውየው በጥም ከንፈሩ ደርቆ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ የሾፌሩን ውሃ ጨልጦ ሄዷል። ሌላ ጊዜ ከመጋዘኑ ጢስ ሲወጣ ለእሳት አደጋ የደወሉት እሳቸው ነበሩ። የሕንፃውን የኤሌክትሪክ መስመር ማን እንደዘረጋው አስረድተው አድራሻው ጋ ሳይደርሱ እሳቱ ራሱ ሰልችቶት ጠፋ።

የዚህ ሁሉ ዋና ተጠቂ፣ በእሳቸው ሥር ሁለት ዓመት ሠርታ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን የተረከበችው መሐንዲስ ናት። አጭር ሰው ናት፤ በቁመት አይደለም፣ በቃል። ሥራ በጀመረች በሳምንቷ «የትኛውን ቫልቭ ልዝጋ?» ብላ ጠይቃቸው፣ መልሱን ቆማ ስትጠብቅ ውሃው ጫማዋን ሞላው። በስንብታቸው ዕለት ደግሞ ውጭ ነጎድጓዱ እየጮኸ፣ ውስጥ እሳቸው እየተናገሩ፣ የተቆረሰው ኬክ እስኪደርቅ ተቀምጣለች። ሲጨርሱ ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው እሷ ነበረች። ከልቧ ነበር፤ ተገላገልኩ ብላ።

አልተገላገለችም። አራት ወር እንዳለፈ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር እያቃሰተ ተነሣና ስክሪኑ ላይ ቢጫ ሣጥን ደቀነባት፦ «ላይሰንስ አልተገኘም። ፕሮግራሙ ለሁለት ሰዓት ብቻ በሙከራ ይሠራል።»

ፓምፖቹን የሚያዘው ይኸው ፕሮግራም ነው። ሁለት ሰዓቱ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ፓምፖቹ ይቆማሉ፤ ፓምፖቹ ሲቆሙ መጀመሪያ የሚደርቀው ኮረብታው ላይ ያለው የወሊድ ሆስፒታል ነው። ሙከራው ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

መሐንዲሷ የላይሰንሱን ዝርዝር ከፈተች፤ ባዶ ነው። የኮምፒውተሩ ቀን ተዛብቶ እንደሆነ አየች፤ ልክ ነው። ላይሰንሱን የሚያነበውን አገልግሎት አጥፍታ አስነሣች፤ ያው ነው። በመጨረሻ ተንበርክካ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ገባች። ላይሰንሱ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የመጠቀም ፈቃዱ፣ ያለው አውራ ጣት በምታህል፣ እንደ ፍላሽ በምትሰካ ቀይ ቁልፍ ውስጥ ነው። መሰኪያው ላይ ግን ቁልፍ የለም፤ ሸረሪት ድሯን ሠርታ ትጠብቃታለች። ፕሮግራሙ ቁልፉን የሚያየው ሲነሣ ብቻ ነው፤ አንዴ ካየ በኋላ እስኪጠፋ ድረስ ዳግም አይጠይቅም። ስለዚህ ቁልፉ ከመቼ ጀምሮ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ለሻጩ ድርጅት ደወለች።

«ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት ስልኩን ያነሣው ሰው።

«የጠፋው እኮ ቁልፉ ነው።»

«ገብቶኛል። ቁጥሩን ካነበቡልኝ በኋላ መጥፋቱን እመዘግባለሁ።»

አዲስ ቁልፍ ለማምጣት አሥር የሥራ ቀን ይፈጃል ተባለች። ስልኩን ዘግታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ የርክክቡን ሰነድ ከመሳቢያ አወጣች። አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ የጻፉት ጋሽ ከመነሻው ናቸው። እስከ ገጽ አራት መሬቱ የማን እርሻ እንደነበር፣ እስከ ገጽ አሥር መሠረቱ ሲቆፈር የወጣውን ድንጋይ ይተርካል። በመጨረሻው ገጽ በመጨረሻው መስመር «የላይሰንሱ ቁልፍ በቦታው አለ» ይላል። በየትኛው ቦታ? እሱን አይናገርም!

የቀራት ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው። ስልኩን አየችው። ስልኩም አያት። ደወለች።

«ልጄ!» አሉ ጋሽ ከመነሻው፤ ድምፃቸው በደስታ ሞላ። «እንዴት ነሽ? እናትሽስ? ያ ጉልበቷ…»

«ደህና ናት ጋሼ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በእግዜር፦ የላይሰንሱ ቁልፍ የት ነው?»

«የላይሰንሱ ቁልፍ» አሉ፣ ቃሉን እንደ ጥሩ ሥጋ እያላመጡ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገሩን ከመነሻው ብንይዘው ይሻላል። የመጀመሪያው ቁልፍ ሲመጣ እኔ ጢሜ ገና…»

«ጋሼ፣ ሆስፒታሉ ውሃ ሊያጣ ነው!»

«እሱን ነው የምነግርሽ። የመጀመሪያው ቁልፍ ሲመጣ እኔ ጢሜ ገና…»

እሳቸውን ያቋረጠ ቅጣቱን ያውቀዋል፤ ከሀ ይጀመርለታል። መሐንዲሷ ሦስት ጊዜ አቋርጣ ሦስት ጊዜ ወደ ጢማቸው ተመለሰች። በአራተኛው አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን ሰዓቱ ላይ ተክላ አዳመጠች። የመጀመሪያው ቁልፍ በመብረቅ ተቃጠለ። አዲሱ እስኪመጣ ጣቢያው በእጅ ተሠራ፤ ማን እንዳገዘ፣ ማን እንዳለገመ በስም ተዘረዘረ። ከዚያ ወዲያ ሰማይ በጮኸ ቁጥር ጋሽ ከመነሻው ቁልፉን እየነቀሉ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ያኖሩታል፤ ሲያባራ ይመልሱታል። ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ የጠየቀ የለማ! ሠላሳ አራት ደቂቃ ሲቀር ስንብታቸው ላይ ደረሱ።

«…ታስታውሺ እንደሆነ ያን ቀን ነጎድጓድ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ወደ ንግግሩ ከመግባቴ በፊት፣ ያንን ጥቁር ኮቴን ለብሼ…»

ጸጥ አሉ።

መሐንዲሷ ደነገጠች። ይህ ሰው ዐረፍተ ነገር መሀል ላይ ሲያቆም ሰምታ አታውቅም። የሞቱ መሰላት።

«ጋሼ?»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ከኋላ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ። እኚህ ሴት የቃል ድርሻቸውን ባላቸው ስለበሉባቸው የቀራቸውን ቆጥበው ነው የሚያወጡት።

«ከኮቱ ኪስ የወጣው ቀይ ነገር ከሆነ፣ የአዝራር ጣሳው ውስጥ ነው።»

ስልኩ ወደቀ። የወንበር መውደቅ ተሰማ፣ የበር መበርገድ ተሰማ፣ ከዚያ የሆነ ሰው ስልኩን አንሥቶ በእርጋታ ዘጋው።

ጋሽ ከመነሻው የደረሱት ስድስት ደቂቃ ሲቀር ነው። በቤት ነጠላ ጫማ፣ ሸሚዛቸው በተዛነፈ አዝራር ተቆልፎ፣ ላባቸው በአገጫቸው እየወረደ ነበር። ቀይዋን ቁልፍ በመዳፋቸው ዘረጉላት። እሷ ተንበርክካ ድሩን ጠርጋ ሰካችው፤ ላይሰንሱን የሚያነበውን አገልግሎት እንደገና አስነሥታ ዝርዝሩን ከፈተች፤ የላይሰንሱ ስም ብቅ አለ፤ ቢጫው ሣጥን ጠፋ። ፓምፖቹ እንደ ነበሩ ይጮኻሉ። ኮረብታው ላይ ምንም የሰማ ሰው የለም።

መሐንዲሷ ቁጣዋን ከሦስት ሰዓት ጀምራ ስታሰናዳ ነው የቆየችው። ጥሩ ጥሩ ቃል መርጣ ነበር። ዞር ብላ ስታያቸው ግን ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው የገዛ እጃቸውን ያያሉ። የብልሽት መዝገቡን ስባ «ምክንያት፦ የላላ መሰኪያ» ብላ ጻፈች።

ጋሽ ከመነሻው መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት።

«ይሄ ልክ አይደለም፣ ልጄ።»

እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰዱ፣ ሰረዙት፣ ከሥሩ ጻፉ፦ «ቁልፉን በኪሴ ይዤ ሄጃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ፈረሙበት። በዚያ መዝገብ ውስጥ በእሳቸው እጅ የተጻፈ እንደዚህ አጭር ነገር የለም።

«በይ፣ ሥራ አላስፈታሽ» ብለው ወደ በሩ አዘገሙ።

መሐንዲሷ ቁርሷን አልበላችም። የሚጠብቃት ሪፖርት አለ፤ ራሷን ያማታል። ሰውየው በሩን ሲከፍቱት ማጠፊያው ሲጥ አለ፤ እሷም ምን እንደነካት ሳታውቀው አፏ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ይሄ በር ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

የሚጮኸው ቅባት ስለሌለው ነው። ይህን ማንም ያውቃል።

ጋሽ ከመነሻው ቆሙ። ቀስ ብለው ዞሩ። በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ተመለሰ።

«ይሄ በር» አሉ፣ «መጀመሪያ የዚህ ቤት በር አልነበረም።»

ወንበር ሳበችላቸው፤ አንድም ለራሷ። አናጢው መጣ፣ የአናጢው ወንድም ተጣላ፣ በሩ ሁለት ቤት ዞረ፤ ሪፖርቱ አደረ። መሐንዲሷ በየመሀሉ ታዛጋለች፣ በልቧ ራሷን ትራገማለች፣ ግን አላቋረጠችም። የሥራ መውጫ ደወል ሲደወል ገና በሩ ቀለም እየተቀባ ነበር። ቀሪውን ሐሙስ ሊነግሯት ተቃጥረው ተለያዩ።

በማግስቱ የጥገናው ሠራተኛ የቅባት ጣሳውን ይዞ ወደ በሩ ሲሄድ አየችውና ከወንበሯ ተነሥታ ጮኸችበት፦

«እስከ ሐሙስ እንዳትነካው!»