ዘፈኑ ነው ወይስ ጫማው?

ሰው ሁሉ ሲደሰት ለብቻው የሚጨነቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ድግስ ላይ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ሲበላ እሱ ቆሞ ሳህን ይቆጥራል። ለእኛ ከተማ የደረሱን ክቡር ጋሽ ስጋት ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው ይህ አይደለም፤ ግን ወላጅ እናታቸውም በዚሁ ሲጠሯቸው ከሰማሁ በኋላ ሌላውን መጠየቅ ተውኩ። ሥራቸው ዲጄነት ነው። ከአንድ የአናጢ ወርክሾፕ በላይ ባለው አዳራሽ እሁድ ከሰዓት የሳልሳ ዳንስ ሙዚቃ ያጫውታሉ፤ በትክክል ለመናገር፣ ሳልሳ እያጫወቱ ይሰጋሉ።

ሌላ ዲጄ የሚጨፍሩትን ያያል። ጋሽ ስጋት የሚያዩት በግድግዳው ዳር የተደረደሩትን ሠላሳ ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ነው። አንድ ሰው ሁለት ዘፈን ሙሉ ከተቀመጠ ቀለል ያለ ዘፈን ያስገባሉ። ሦስተኛውንም ከተቀመጠ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው እጃቸውን እያሻሹ ይመጣሉ። "ዘፈኑ ነው ወይስ ጫማው?" ይላሉ። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብለው አስበው አያውቁም። አንዲት ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር "ኧረ ጋሼ፣ ሆዴ ነው!" ብትላቸው፣ ለሆዷ የሚስማማ ዘፈን ፍለጋ ሄዱ።

እኔንም ያጠመዱኝ እንዲሁ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት እህቴን ላደርስ መጥቼ በሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ከእሳቸው ሌላ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፦ እህቴ፣ እኔ፣ አንዲት የጥርስ ሐኪም፣ ስፖርት የሚሠራበት መስሎት የገባ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እና ልጃቸው እሁድ እሁድ የት እንደሚጠፋ ሊያጣሩ የመጡት የጋሽ ስጋት እናት። "ጫማው ነው" አልኳቸው፣ ለመገላገል። በሚቀጥለው እሁድ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ በልኬ ይዘው ጠበቁኝ። ልኬን እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከተማችን ሳልሳ የለመደው እንዲህ አንድ አንድ ወንበር እየተለቀቀ ነው። የተደፈነ ቧንቧ ሊከፍት የመጣ ሠራተኛ መፍቻውን እንደያዘ ለጭፈራ ተነሥቶ፣ ይኸው ዛሬ ጀማሪ ያሠለጥናል። ሹፌሩ ከተማው ማዶ የራሱን የሐሙስ ሳልሳ ሲከፍት ጋሽ ስጋት ይቀየሙታል ብለን ነበር። ካሏቸው ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አንዱን ራሳቸው ተሸክመው አደረሱለት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይደውሉለታል፤ "ስንት ሰው ተቀመጠ?" አሁን አራት አዳራሽ ሆኗል፤ የጋሽ ስጋት ስጋትም በአራት ተባዝቷል።

ባለፈው ወር ግን ስጋቱ ወደ እኛ ዞረ። አንድ እሁድ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ አከታትለው አጫወቱ። እሳቸው! እንዳላወቅን ሆነን ጨፈርንበት። በሳምንቱ ስናናግራቸው ቀኝ ጆሯቸውን ማስጠጋት ጀመሩ። የጥርስ ሐኪሟ በግድ ይዛቸው ሄዳ አስመረመረቻቸው። የግራው ጆሮ መስማት አቁሟል፤ ከድምፅ ማጉያው ካልራቁ ቀኙም ይከተለዋል ተባሉ። ፈራሁ። የፈራሁት ለጆሯቸው ብቻ አይደለም። ጋሽ ስጋት የሌሉበት እሁድ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

"አንተ ታጫውታለህ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚህ ካሉት ሁሉ የማልረባ ጨፋሪ ነኝ።"

"ለዚህ እኮ ነው። ብዙ ስለተቀመጥክ የተቀመጠ ሰው ታውቃለህ።"

ባለፈው እሁድ ከዲጄው ጠረጴዛ ኋላ ቆምኩ። ሦስት ሰው ተቀመጠ፤ ቀለል ያለ አስገባሁ። ሁለቱ ተነሡ፣ ሌላ አራት ተቀመጠ። እኚህ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን እንዴት ቻሉት? ቀና ስል፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን በተቀመጥኩበት የበሩ ወንበር ላይ፣ ጋሽ ስጋት ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከትተው ቁጭ ብለዋል። ተቀምጠው ያሳለፉት ሦስተኛ ዘፈን ነበር።

ረጅም ዘፈን አስገብቼ ሄድኩና በቀኛቸው በኩል ጎንበስ አልኩ።

"ዘፈኑ ነው ወይስ ጫማው?"

እግራቸውን አዩት። ያደረጉት ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ ነው። ዕድሜውን ከጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ለሚውል ሰው የጭፈራ ጫማ ምን ያደርግለታል?

"ጫማው ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደግሞ አልችልም እኮ። ጨፍሬ አላውቅም።"

እህቴ ሰምታ ኖሮ መጣች። "ያውልቁት፣ ጋሼ!"

በካልሲ ተነሡ። ጉድ ነው! ከተማ ያስጨፈሩት ሰውዬ ወለሉን የሚረግጡት ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ነው፤ የእህቴን የእግር አውራ ጣት ሁለቴ ረገጡት። የዘፈኑ ከበሮ ግን በወለሉ በኩል ሳይደርሳቸው አልቀረም፤ ቀስ በቀስ ጉልበታቸው ላላ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እውነቱን ለመናገር እኚህን ሰው ስወዳቸው ኖሬያለሁ።

እሳቸው ግን በእህቴ ትከሻ ላይ አሻግረው ወንበሮቹን ያያሉ። መስኮቱ ሥር አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሊጠቁሙኝ እጃቸውን ሲያነሡ፣ እኔ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እጄን እያሻሸሁ ወደ ሴትዮዋ እየሄድኩ ነበር።