የቢቸናው ሊቀ ሩጫ

መብራት የሌለው ከተማ አይቻለሁ። ፖስታ ቤት የሌለው ከተማም አይቻለሁ። ትናንት ስፖርት ጀምሮ ዛሬ አገሩን ሁሉ ካላሠራሁ የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የዚህ ዓይነቱ ሰው ሰላም ሲላችሁ ዓይኑ ፊታችሁ ላይ አያርፍም፤ ወደ ቀበቷችሁ ይወርዳል። የሰው ቦርጭ ሁሉ የእሱ ኃላፊነት ነው።

ለእኛ ለቢቸናዎች የደረሱን ክቡር ሊቀ ሩጫ ወመምህረ ዝላይ አቶ ይግዛው ነበሩ። አንቱታው ለማዕረጉ ነው እንጂ ይግዛው እኩያዬና የአጥር ጎረቤቴ ነው፤ እኔ አስተማሪ፣ እሱ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ። ዘመኑ ደርግ ማስ ስፖርትን በየቀበሌው ያወጀበት ነው። ለሥልጠና አዲስ አበባ የተላከ ሰው ሁሉ ሳሙናና ጨርቅ ሸምቶ ሲመለስ፣ ይግዛው ሰማያዊ ቱታና ፊሽካ ይዞ መጣ።

የመጀመሪያው ደቀ መዝሙር እኔ ሆንኩ። ጎህ ሳይቀድ አጥሩን ይነቀንቀዋል።

«መምህር! ተነሣ እንጂ!»

እወጣለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ቶሎ ሮጬ ቶሎ ልገላገል ብዬ ስንደረደር ክንዴን ይይዘኛል። «ጀማሪ አይቸኩልም! መጀመሪያ ሰውነት ማፍታታት፣ ከዚያ እርምጃ። ሩጫ የሚመጣው ሰውነትህ ራሱ ሲጠይቅህ ነው።» የእኔ ሰውነት እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። ሲያመኝ «ጡንቻህ እየነቃ ነው» ይላል፤ ሳያመኝ ሲቀር «አልሠራህም ማለት ነው» ይላል። አንድ ቀን እንዳርፍ ስለምነው ግን አይቆጣም፤ «እረፍትም የስፖርት ክፍል ነው» ብሎ ያሰናብተኛል። ከትምህርቱ ሁሉ በደንብ የገባኝ ይኼኛው ነው።

ገበያ ሲወጣም ማስተማሩን አይተውም። አንድ ገበሬ የማዳበሪያ ጆንያ ሊያነሣ ሲያጎነብስ ደርሶ፣ «ወገብህን አይደለም፣ ጉልበትህን እጠፍ!» አለው። ገበሬው ቀና ብሎ አየውና፣ «እስቲ እርስዎ አጥፈው ያሳዩኝ ጌታው» አለ። ይግዛው ጉልበቱን አጥፎ ጆንያውን ተሸከመ፤ እንዲህ ነው እንዲያ ነው እያለ እስከ ሰውየው አህያ ድረስ አደረሰለት። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ደግሞ ከጎኑ ያሉትን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ እግርዎን ዘርጋ ሰብሰብ ያድርጉት፣ ደም ይዘዋወራል» ይላቸዋል።

ባገራችን በጨለማ የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ይፈለጋል። ሚሊሻው ፋንታ ገና በመጀመሪያው ሰሞን «ቁም!» ብሎ ጠመንጃ ደቀነበት። ይግዛው ቆመ፤ እግሮቹ ግን ባሉበት መርገጣቸውን አልተዉም።

«ከማን ነው የምትሸሽ?»

«ከቦርጭ!»

ፋንታ ሳቁ አሸንፎት ለቀቀው። ጎረምሶቹ ግን ፊሽካውን ሲሰሙ ይበተናሉ። አልፈርድባቸውም፤ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ በሚመለመልበት ዘመን ጠንክሮ መታየት ምን ያደርጋል?

ጣጣው የመጣው ስፖርቱ የሠራ ጊዜ ነው። ይግዛው ከሳ። ጉንጩ ጎደጎደ፤ ሱሪው ያለ ቀበቶ አልቆም አለ። ባገራችን ደግሞ ባለትዳር ወንድ ሲከሳ የሚታማው እሱ አይደለም፤ ሚስቱ ናት። ባለቤቱ በዛብሽ ወጧ ከሩቅ የሚጠራ ባለሙያ ናት። ያም ሆኖ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር። «የቤቱ ቅቤ ወዴት እየሄደ ነው?» ተባለ። ሐሜት መኪና አይጠብቅም፤ ሞጣ፣ እናቱ ዘንድ ደረሰ።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው ከሞጣ መጡ። የልጃቸውን ጎን በእጃቸው ዳበሱ፤ አጥንቱን አገኙት።

«አንች፣ ልጀን ምን አረግሽብኝ? እህል የለም እዚህ ቤት?»

 በዛብሽ ገብታ ልብሷን ቋጠረች፤ ጉንደ ወይን፣ እናት አባቷ ቤት ልትሄድ። «ባሏን አስራቢ ከተባልኩ በምን ፊቴ እኖራለሁ?» አለችኝ በአጥሩ በኩል። ታለቅስ ነበር። ይኼ የፊሽካ ጨዋታ ትዳር ሊያፈርስ ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው። ይግዛው ቆሞ፣ «በገዛ ፈቃዴ ነው የከሳሁት» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ጾም ነው እንዳንል ፍስክ ነው» አሉ መሪጌታ፤ «ያለ ጾም በፈቃዱ የሚከሳ ማን አለ?»

ምስክር ሆኜ ተነሣሁ። ጠዋት ጠዋት አብሬው እንደምሠራ ተናገርኩ። መሪጌታ ሆዴን ረጋ ብለው አዩት።

«ታዲያ አንተን ምነው ሳያከሳህ?»

ምስክርነቴ እዚያው ፈረሰ። በመጨረሻ ይግዛው ሠርቶ እንዲያሳይ ተወሰነ።

በማግሥቱ ጠዋት ኳስ ሜዳው ዳር ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ሴቶቹ በሌላ በኩል ቆሙ፤ በዛብሽም ከነቋጠሮዋ። ይግዛው ሰውነቱን አፍታታ፣ ዘለለ፣ ሜዳውን ዞረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በትዕግሥት አየ። ከዚያ በሁለት እጁ መሬት ተደግፎ ደረቱን ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ያደርግ ጀመር።

መሪጌታ ብድግ አሉ። «ይኼስ ስግደት ነው! ለማን ነው የሚሰግደው? ፊቱስ ቢሆን ወደ ምሥራቅ አይደል!»

እማሆይ እሪ አሉ። «ልጀ አብዷል! ኧረ ጠበል አድርሱልኝ!»

ይግዛው ተነሣ። ስለ ስፖርት ማንም ሲሳሳት ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ስለ ትንፋሽ ብቻ ለኔ ሙሉ ጠዋት የተናገረበት ቀን ነበር። አሁንም ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። እናቱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ በበዛብሽ ቋጠሮ ላይ አረፈ። ሊለው የነበረውን ሁሉ ዋጠው።

«አዎ እምየ» አለ ቀስ ብሎ። «አብጃለሁ። ጠበሉንም እሄዳለሁ። በዛብሽ ግን አብልታኛለች። ይኼን ለሞጣም ለቢቸናም ንገሩልኝ።»

 መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሚስትየዋ ነጻ ናት» ብለው ፈረዱ።

በዛብሽ ቋጠሮዋን መሬት ላይ ተወችው። ያ ሁሉ ሽማግሌ እያየ፣ አማቷም እያዩ፣ ሜዳውን አቋርጣ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ የባሏን ላብ ጠረገችለት። ይኼን ቢቸና ውስጥ አንዲት ሚስት በሰው ፊት ስታደርግ አይቼ አላውቅም። ይግዛው ሲያስቸግረኝ ከርሟል፤ ያን ጠዋት ግን ወንድሜ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።