ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ከተማችን በሰላሟ የታወቀች ነበረች። ሰላሟ የመጣው ከመስማማት አይደለም፤ የሚያጣላ ነገር ከማጣት ነው። የተቃዋሚው ፓርቲ የቀድሞ መሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቃወሙ ምን እንደሚቃወሙ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም ሳይነግሩን በጡረታ ተገለሉ። ታዲያ ይህን የመሰለ እንቅልፋም ሕዝብ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዴት የሚያስብ ሕዝብ እንደሆነ ለመጪው ትውልድ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። በአጭሩ እጽፈዋለሁ።

አዲሱ መሪ የጥርስ ሐኪም ነው። ከመመረጡ በፊት ሥራው የሰውን አፍ አስከፍቶ ዝም ማሰኘት ነበር። ለፖለቲካ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት እኔ አላውቅም። ገና አንድ ቃል ሳይናገር ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ የወጣ ዕለት ግማሹ ሰው «ፊቱ ላይ ቆራጥነት ይነበባል» አለ። ግማሹ «ፊቱ ላይ ጭካኔ ይነበባል» አለ። እኔም መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ጋዜጣው ቀለም አንሶት ነበርና ያየሁት አንድ ጆሮና አንድ ከረባት ነው።

ይህ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት በከተማችን የፓርቲውን ቅርንጫፍ ሊከፍት እንደሚመጣ ተነገረ። ቅርንጫፉ ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ክፍሏ ታፔላ አስፈለጋት። የቅርንጫፉ ጸሐፊ መሪው በገዛ እጁ የጻፈውን መፈክር በትንሽ ወረቀት፣ ገልጦ እንኳ ሳያየው፣ ይዞ ወደ ታፔላ ጻፊው ሄደ። ታፔላ ጻፊው በከተማው አንድ ብቻ ነው። የማዘጋጃ ቤቱን «እንኳን ደህና መጡ» የጻፈው እሱ ነው፤ «ያለ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው» የሚለውንም የጻፈው እሱ ነው። ሁለቱም የተሰቀሉት አንድ በር ላይ ነው።

ጎረቤቱ ስለሆንኩ ሲጽፍ ቆሜ አየሁት። ብሩሹን በቀኝ፣ ወረቀቷን በግራ እጁ ይዞ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቷን አራት አጥፎ ቤቱ ካለው ከሚነቃነቀው ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቃት። ታፔላው ተሰቀለ። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ እንዲህ ይላል፦

ሕዝብ ይመራል

የመጀመሪያው አንባቢ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። መቀሱን እንደያዘ ከሱቁ ወጥቶ ቀና አለ።

«ደግ ተናገረ! ሕዝብ ይመራል! መሪው ሕዝቡ ራሱ ነው ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር የጠፋው።»

ላልቶ ነበር ያነበበው። ታፔላ ጻፊው ከመሰላሉ ሳይወርድ አረመው።

«ጠብቆ ነው የሚነበበው። ሕዝብ መሪ ያስፈልገዋል፣ አለመሪ መባዘን ይብቃ ነው ያለው።»

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ? ቀቢ ነህ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ! ስጽፈው ብሩሹን ተጭኜዋለሁ። ጠብቆ ባይሆን ለምን እጫነዋለሁ?»

አትክልት ሻጭዋ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሽንኩርቷ መሀል፣ ቀና ብላ አነበበች። እሷ መን አላልታ ራን አጠበቀች።

«ሕዝብ ይመራል» አለች፤ «እንደ እሬት። እውነቱን ነው። እኔንም መሮኛል።»

ሁለቱም ሰዎች በአንድ ላይ ሳቁባት። የመካከለኛ አቋም ዕጣ ይኸው ነው።

በማግስቱ ከተማው ላላና ጠበቅ ተባብሎ ተለየ። ከላላዎቹ ገሚሱ መሪውን ወደደው፤ ሕዝብ ሊመራ ነውና። ገሚሱ ጠላው፤ ሕዝብ የሚመራ ከሆነ እሱ ምን ሊሠራ መጣ ብሎ። ከጠበቆቹም ገሚሱ «በመጨረሻ እውነቱን የሚነግረን ሰው አገኘን» ሲል፣ ገሚሱ «ገና ሳይሾም ሊነዳን!» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። አራቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር። ሰውዬውን በደንብ ያውቁታል።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ከመቁረጡ በፊት ታፔላውን ያስነብበው ጀመር። አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ግን ከመሀል ሐሳቡን ለወጠ። ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ወደ ውጭ ተገፋ፤ ሳምንት ሙሉ በኮፍያ መድኃኒት ሸጠ። ማዘጋጃ ቤቱም ዝም አላለም። የሚከተለውን ማስታወቂያ አወጣ።

«በከተማችን እየታየ ያለውን የአነባበብ ልዩነት አስመልክቶ ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ የተቋቋመ መሆኑ እየተገለጸ፣ ኮሚቴው የደረሰበትን እስኪያሳውቅ ድረስ ቃሉ ላልቶም ሆነ ጠብቆ በድምፅ እንዳይነበብ፤ ሆኖም ማንበብ መብት በመሆኑ በልብ ማንበብ የተፈቀደ መሆኑን እናስታውቃለን።»

በሁለተኛው ቀን ኮሚቴው እኩል ለእኩል ተከፈለ። ሰባት እንዴት እኩል ይከፈላል የሚል ካለ፣ ሰባተኛው በልቡ ያነብ ነበር።

እስካሁን የተጎዳ የለም፤ ከአንድ ራስ ፀጉር በቀር። ነገር ግን የታፔላ ጻፊው ልጅ የፀጉር አስተካካዩን ልጅ ልታገባ ነበር። እሷ ፖስታ ቤት ትሠራለች፤ እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሁለት ዓመት ተጫጭተዋል። ሰርጉ መሪው በሚመጣበት በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አዳራሹ ተይዟል። ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከታፔላ ጻፊው ቁም ሣጥን ላይ ተንጠልጥሏል።

ፀጉር አስተካካዩ «ሕዝብን እንደ በግ ከሚቆጥር ሰው ጋር አልዛመድም» አለ። ታፔላ ጻፊው «የልጅ ልጆቼ ላላ ሆነው ሲያድጉ ከማይ ቤቴ ትቅር» አለ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ሙሽራ ታፔላ ጻፊውን ሊማጸን ሄደ።

«አባባ፣ እኔ እኮ በማንም ወገን የለሁም። ታፔላውን በደንብ አላነበብኩትም።»

«አላነበብኩትም? በቀን ስምንት ጊዜ በሥሩ እየነዳህ?»

«እየነዳሁ መንገድ ነው የማየው፣ አባባ።»

«ተመልከቱልኝ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አቋም የሌለው! ለእንዲህ ያለ ሰው ነው ልጄን የምሰጠው?»

ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ሦስት ሽማግሌዎች ለእርቅ ተላክን። እኔን የመረጡኝ ዝምታዬን ብስለት ነው ብለው ነው። ሁለቱ አባቶች በታፔላ ጻፊው ቤት፣ በዚያ በሚነቃነቀው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ፣ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጆቻችን፣ አንዲት ቃል ላልታ ብትነበብ…»

«ጠብቃ» አለው ሁለተኛው ሽማግሌ።

«ለምሳሌ ነው ያልኩት።»

«ለምሳሌም ቢሆን ጠብቃ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው ቆሙ። አንዱ ጠረጴዛውን መታ። ጠረጴዛው ዘመመ፤ ሻዩ በሙሉ ፀጉር አስተካካዩ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ከወጥ ቤት ጨርቅ ይዛ ሮጠች። ሻዩን ጠርጋ ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለችውን ወረቀት አወጣቻት። ደግማ ልታጥፋት፣ ወፈር ልታደርጋት ነበር። ግን ጽሑፍ አየችባት። ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው ጽሑፍ አይቶ አያልፍም። ዘረጋችና ጮክ ብላ አነበበች።

«ሕዝብ ይመክራል።»

ታፔላ ጻፊው የግራ እጁን አውራ ጣት ቀና አድርጎ አየው። ሰፊ ጣት ነው። አንዲት ክን አሳምሮ ይሸፍናል።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተማው የተጣላው ባንተ አውራ ጣት ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ መሳቅ ጀመረ። ዞረችበት።

«አይሳቁ! እርስዎ አይደሉም ‹ያለውን ልቤ ነግሮኛል› ብለው የሰው ግማሽ ራስ ላጭተው ያባረሩት?»

ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ስሙኝ። ቅዳሜ ሁለታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ። እየሳቃችሁ። አለዚያ ይህችን ወረቀት ፖስታ ቤቱ በር ላይ እለጥፋታለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ጢሙን ሊላጭ፣ ማን ታፔላ ሊያጽፍ እንደሚመጣ እናያለን።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። መከራ አላስፈለገም፤ ሐፍረት በቃ። ሁለቱ አባቶች ተያዩ።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው ያልነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ስምንት ሰዓት፣ ወንድሜ» አለ ታፔላ ጻፊው። «ሱሪህን ግን ቀይርልኝ።»

እኛ ሽማግሌዎች ተመረቅን፣ ተመሰገንን። በሽምግልና ዘመኔ አንድ ቃል ሳልናገር ያስታረቅሁት ይህ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መሪው መጣ። ላላዎች በመንገዱ ግራ፣ ጠበቆች በቀኝ ተሰልፈዋል። አትክልት ሻጭዋ መሀል ላይ ናት፤ ቦታዋ ስለሆነ። ሙሽራዋ ፀጉሯን ልትሠራ ስትሄድ ግርግሩን አይታ ከእኔ አጠገብ ቆመች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ምስጢሩ ከወጣ አባቶቹን የምታስፈራራበት ነገር እንደማይኖራት ታውቃለች፤ ሰርጉ ደግሞ አምስት ሰዓት ይቀረዋል።

መሪው ከመኪናው ወረደ። አጭር ሰው ነው። ታፔላውን ቀና ብሎ አየ። ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ፤ አሁን ወይ አላልቶ ወይ አጥብቆ ያነበዋል። እሱ ግን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ የሰው አፍ እንደሚያይ፣ ረጅም ጊዜ አየ።

«ይቅርታ» አለ። «እዚህ ጋ አንድ ጥርስ ወልቋል።»

ጣቱን ወደ ታፔላው ቀሰረ።

«‹ይመክራል› ነበር የጻፍኩት። ክ የለችም። ብትተክሉልኝ?»

መሰላል መጣ። ታፔላ ጻፊው አመድ መስሎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ መሰላሉን ያዘለት። በመና በራ መካከል አንዲት ቀጭን ክ ተሸጎጠች። ሕዝቡ አነበበ፤ በልቡ። ከዚያ ከላላዎች በኩል አንድ ድምፅ ተነሣ።

«ማን አማክሮን ነው የተጨመረችው?»

«ልክ ነው!» አለ ከጠበቆች በኩል ባለ ኮፍያው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ። «ሳንመክርበት እንዴት ይመክራል ይባላል?»

ሁለቱ ወገኖች በመንገዱ ላይ ተያዩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው። ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም።

«ገና ሲመጣ አቋሙን ለወጠ!»

«አስገድደውት ነው እንጂ እሱ እንዲህ አይልም!»

«ወገኖቼ» አለ መሪው፣ «እኔ ራሴ የጻፍኩትን…»

«ረስተውት ነው!» አለው ፀጉር አስተካካዩ ከመሰላሉ ሥር። «ያሉትን እኛ እናውቃለን!»

«እውነቱን ነው!» አለ ታፔላ ጻፊው ከላይ፣ ብሩሹን እያወናጨፈ። ቀይ ቀለም ወዳጁ ግንባር ላይ ጠብ አለ። ወዳጁ ቅር አላለውም።

«ወረቀት ልኬ ነበር። ወረቀቱ የታለ?» አለ መሪው።

የቅርንጫፉ ጸሐፊ ታፔላ ጻፊውን አየ። ታፔላ ጻፊው ልጁን አየ። ፀጉር አስተካካዩም አያት። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች። አባቷ ከላይ፣ አማቿ ከታች፣ አንድ መሰላል ላይ ተጣብቀው አንድ ቃል ሲጮኹ ትንሽ ቆማ ተመለከተች። ከዚያ ወረቀቷን በእጄ አስጨበጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይያዙልኝ። ከእንግዲህ እኔን አትጠቅመኝም። ፀጉሬን ልሠራ።»

ሄደች።

መሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ እኔ ያየሁት ግን ጥሩ የተያዙ ጥርሶች ነው። ሕዝቡን ግራና ቀኝ ቃኘ። በመጨረሻ ፈገግ አለ።

«እንግዲህ ይነቀል» አለ። «መንቀል እንኳ ልማዴ ነው።»

ጭብጨባው ርግቦቹን ከጣሪያ አስነሣ። ማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔውን «ከተማው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅ የተስማማበት» ብሎ በመዝገብ አሰፈረ። አትክልት ሻጭዋ ብቻ አላጨበጨበችም።

«እኔስ ከመጀመሪያውም መሮኛል ብያለሁ» አለች።

ክን ለማጥፋት መሰላሉ ወደ ታፔላው ይበልጥ መጠጋት ነበረበት። የእግረኛ መንገዱ የተሰነጠቀ ስለሆነ አንዱ እግሩ አልረግጥ አለ። ታፔላ ጻፊው ላይ ሆኖ ተንገዳገደ።

«ጋሼ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ መሰላሉን በደረቱ ደግፎ፣ «ከእግሩ ሥር የምንወሽቃት ነገር ይፈልጉልን እባክዎ። ሰውዬው ሰርግ ሳያይ ሊሞትብኝ ነው!»

ኪሴን ዳሰስኩ። ወረቀቷ አራት ታጥፋ ነበር። ጎንበስ ብዬ አስገባኋት። ልክ ሆነች። መሰላሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።