አፍ የሌለው በላተኛ

(የዓሣ መመርመሪያ ክፍል ነው። አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሰው ቁመት የሚያህል የትል ሥዕል። መርማሪው ነጭ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ዛሬ ዶክተሯ መጥታ ስለ እሾህ ራስ ትል አካል ትፈትነዋለች። ካለፈ የክፍሉ ኃላፊ ይሆናል፤ ከወደቀ ተመልሶ በረዶ ቤት፣ አካፋውን ይዞ። ሃያ ዓመት የዓሣ ሆድ ዕቃ ስታወጣ የኖረችው እትዬ ቢላዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማለች።)

መርማሪው፦ ያንሱት ብያለሁ፣ ያንሱት!

እትዬ ቢላዋ፦ ብርጭቆ ነው እኮ፣ የኔ ጌታ። አይናከስም።

መርማሪው፦ ሳይንስ ባለበት ጠረጴዛ ላይ የደፈረሰ ውሃ አይቀመጥም!

እትዬ ቢላዋ፦ አልደፈረሰም፣ ትሎች ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ናቸው። የአንዳንዶቹ ራስ ገና አልወጣም።

መርማሪው፦ (እየሳቀ) ራሳቸው አልወጣም! ምነው፣ እንቅልፍ ላይ ናቸው? ቀስቅሰው ቁርስ ያቅርቡላቸዋ!

እትዬ ቢላዋ፦ እንዲህ ነው የማደርገው።

መርማሪው፦ ለምን?

እትዬ ቢላዋ፦ እንዲህ ሳደርግ ስለኖርኩ ነዋ።

(መርማሪው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ምን አጥፍቶ ነው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተዘጋው? ግን ጊዜ ነበረው፤ ንግግሩንም በሰው ጆሮ ላይ መለማመድ ፈልጓል። ደግሞ ጆሮ ጆሮ ነው፣ የማንም ይሁን።)

መርማሪው፦ እሺ፣ ይቀመጡ። ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆነው ይስሙኝ። ለእርስዎ አይከብድዎትም።

እትዬ ቢላዋ፦ ኧረ ምን ይከብደኛል፣ በል እንጂ።

መርማሪው፦ (በዱላ ሥዕሉን እየነካ) እሾህ ራስ ትል! ኑሮው የዓሣ አንጀት ውስጥ ነው። ይህ እንደ ደወል የተከፈተው አፉ ነው፤ እነዚህ ጥርሶቹ። ቀጥሎ ጉሮሮ፣ ከጉሮሮው ቀጥሎ ጨጓራ። እዚህ ታች ቁርጥ ብሎ የቀረው ጅራቱ።

እትዬ ቢላዋ፦ ጨጓራውን አየኸው?

መርማሪው፦ ምን ማለትዎ ነው?

እትዬ ቢላዋ፦ ሰንጥቀህ። ውስጡን።

መርማሪው፦ የሚበላ ሁሉ ጨጓራ አለው! ይህን ለማወቅ ቢላ አያስፈልግም፤ ጭንቅላት ነው የሚያስፈልገው።

እትዬ ቢላዋ፦ እህ። እሾሁስ?

መርማሪው፦ የምን እሾህ?

እትዬ ቢላዋ፦ እሾህ ራስ ነው አላልክም? ሥዕልህ እኮ ራሰ በራ ነው።

መርማሪው፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) እሾሁ... ጥቃቅን ነው። በእርስዎ ዓይን አይታይም።

እትዬ ቢላዋ፦ በአንተስ?

መርማሪው፦ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ማጉያ መሣሪያ የተሠራው ለማን ይመስልዎታል?

እትዬ ቢላዋ፦ ለማያይ ሰው።

(መርማሪው እንዳልሰማ ሆነ። ከማይም ጋር ሙግት መግጠም ክብር እንደሚቀንስ ያውቃል፤ ያም ሆኖ አልቻለም፣ ይገጥማል።)

እትዬ ቢላዋ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ነገር አይገባኝምና አትቆጣኝ። ከአንጀቱ ስትነቅለው በየትኛው በኩል ነው አልላቀቅ ያለህ?

መርማሪው፦ በጅራቱ ነዋ! ጅራቱን አንጀቱ ላይ ይተክላል፣ አፉን ወደ ምግቡ ያዞራል፣ ይበላል። እኔ ግን በወረንጦ ያዝኩት፣ ሳብኩት፣ ቷ! አለቀ።

እትዬ ቢላዋ፦ ቷ ያለው ምኑ ነው?

መርማሪው፦ እልሁ!

እትዬ ቢላዋ፦ እኔ ደግሞ አፍ ያለውም አይመስለኝም ነበር።

መርማሪው፦ (ጠረጴዛውን ተደግፎ እየሳቀ) አፍ የሌለው! ታዲያ በምን ይበላል? በክርኑ?

እትዬ ቢላዋ፦ በቆዳው። ሾርባ ውስጥ እንደወደቀ ጨርቅ፣ ተጋድሞ ይመጥጣል።

መርማሪው፦ በቆዳ መብላት ቢቻል ኖሮ እርስዎም ጠዋት ጠዋት ዳቦውን ክንድዎ ላይ ይለጥፉት ነበር! ሃያ ዓመት ሙሉ አንጀት ሲጎለጉሉ ኖረው አንዲት ነገር ጠብ አላለልዎትም። ድንጋይ ውሃ ውስጥ ቢኖር ዋና አይለምድም ማለት ይሄው ነው!

እትዬ ቢላዋ፦ እውነትህን ነው፣ አልገባኝም። ድግስ መሐል ተቀምጦ ጅራቱን ግድግዳ ውስጥ ምን አስቀበረው ብዬ ነው። ጠርጎ የሚወስድ ጎርፍ ሲመጣ ሰው የሚነክሰው በፊቱ በኩል ነው እንጂ...

መርማሪው፦ በቃ! እርስዎን ማስረዳት ዓሣን ከዝናብ ማስጠለል ነው!

(ከመተላለፊያው ኮቴ ተሰማ። መርማሪው ብርጭቆውን አፈፍ አድርጎ መታጠቢያው ውስጥ ደፋው። ቧንቧውን ለቀቀ፣ በስፖንጅ ግራ ቀኝ ፈተገ።)

እትዬ ቢላዋ፦ ወይኔ ልጄ! ምን አደረግክ!

መርማሪው፦ ንጽሕና ይባላል። ይልመዱት።

የዶክተሯ ድምፅ፦ (ከበር ውጭ) እትዬ! ብርጭቆዬ ደረሰልኝ? ራሳቸውን አወጡልሽ? ዛሬ የምፈትነው በእነሱ ነው። እጄን ታጥቤ መጣሁ!

(መርማሪው ቧንቧውን ዘጋው።)

መርማሪው፦ ብር... ብርጭቆዬ ነው ያለችው?

እትዬ ቢላዋ፦ የእሷ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እኔው ነኝ የማሰናዳላት። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ኩምቢ የመሰለ ራሱን ይገለብጠዋል፣ እንደ ካልሲ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ። እሾሁ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከነቀልከውማ ራሱ አንጀቱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል።

መርማሪው፦ (ወደ ሥዕሉ ቀስ ብሎ እየዞረ) ታዲያ... ጅራት ያልኩት?

እትዬ ቢላዋ፦ የተበጠሰ አንገቱ።

መርማሪው፦ አፉስ? ደወሉስ?

እትዬ ቢላዋ፦ (ሽርጧን እያስተካከለች) ኧረ ተወኝ፣ አፍሬ ነው እንጂ ቀድሜ እነግርህ ነበር። ወንዱ ትል ነው የደረሰህ። ደወሉ ጅራቱ ላይ ነው ያለው፤ ሴቷን የሚይዝበት ነው።

መርማሪው፦ በሰው ቁመት እኮ ነው የሳልኩት!

እትዬ ቢላዋ፦ ጥርስም ጨምረህበታል።

(መርማሪው መታጠቢያው ላይ ተደፍቶ በጣቱ ፈለገ። የለም፤ ሁሉም ወርደዋል። የበረዶ ቤቱ ቅዝቃዜ ከእግሩ ጣት ሲጀምረው ተሰማው። ተስፋ ቆርጦ ስፖንጁን ገለበጠው። ጥጉ ላይ አንድ ነጭ ትል፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ እሾሃማ ራሱን ሰክቶ ተንጠልጥሏል።)

መርማሪው፦ አለ! አንድ አለ! ዳንኩ! ሙሉ ነው፣ ከነራሱ!

እትዬ ቢላዋ፦ ተመስገን። በል ስፖንጁን ዙሪያውን በምላጭ ቁረጥለትና ከነተሰካበት አስቀምጥላት። ብቻ እንዳትስበው።

መርማሪው፦ (ወረንጦውን እያነሣ) ይተዉኝ እስቲ! ወረንጦ አያያዝ ደግሞ እርስዎ ሊያስተምሩኝ ነው?

እትዬ ቢላዋ፦ አያያዙን አላልኩህም። እንዳትስበው ነው ያልኩህ።

መርማሪው፦ የተማረ እጅና የተለማመደ እጅ ይለያያል። ይመልከቱ!

(ሳበው። ቷ! በሩ ተከፈተ። ዶክተሯ መጀመሪያ ሥዕሉን አየች፣ ጥርሶቹን ሁለት ጊዜ። ቀጥላ ወረንጦው ላይ የተንጠለጠለውን፣ ከዚያም የያዘውን ሰው።)

እትዬ ቢላዋ፦ ግቢ ዶክተር። ከብርጭቆው የተረፈልሽ ይሄው ነው፣ ራስ የሌላቸው ሁለት። እንዳይምታቱብሽ ብቻ፣ አፍ ያለው መርማሪው ነው።