መንገድ አሻጋሪው

አውቃለሁ፦ ልቀቅ ብያለሁ፣ ይቀደዳል!

እንጃ፦ አንተ ልቀቅ እንጂ! እኔ እኮ ኪሱን ብቻ ነው የያዝኩት።

[የሚጓተቱት አረንጓዴ ሰደርያ ነው። በዚህ የሰፈር ማኅበረሰብ ማዕከል በጎ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ይለብሰዋል። ሌላው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ገና ውኃው ይንጠባጠባል። ሁለቱ ከአንድ አገር ተነስተው ለአንድ ዓመት በነጻ ሊያገለግሉ በሰው አገር የከረሙ ናቸው። አንደኛው፣ ሰው ሊነግረው አፉን ገና ሲከፍት «አውቃለሁ» ስለሚል ስሙ እዚያው «አውቃለሁ» ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ምን ቢጠይቁት «እንጃ» ነው መልሱ፤ እሱም «እንጃ» ተባለ። ያሉት በማዕከሉ ወጥ ቤት ሲሆን በመስታወቱ በር ሰው ለስብሰባ የተቀመጠበት አዳራሽ ይታያል። ዛሬ ቁርጡ የሚታወቅበት ቀን ነው፦ ለሚመጣው ዓመት ከሁለቱ አንዱ ይቀራል፣ ሌላው ሻንጣውን ይሸክፋል።]

አውቃለሁ፦ ለመሆኑ ለአንተ ሰደርያ ምን ያደርግልሃል? ብርጭቆ ልታጥብበት ነው? ሽርጥህን አትለብስም?

እንጃ፦ አስተባባሪዋ ሁለታችሁም ለብሳችሁ ጠብቁ ብላለች።

አውቃለሁ፦ ለወጉ ያህል ነዋ! የሚቀረው እኮ ሰው የረዳ፣ ሰው የሚመሰክርለት ነው። ለአንተ ማን ሊመሰክር ነው? ድስቱ?

እንጃ፦ እንጃ።

አውቃለሁ፦ እኔ ግን አባባ አሉልኝ።

እንጃ፦ ስለ አባባ እንኳ አንድ ነገር ልነግርህ…

አውቃለሁ፦ አውቃለሁ! ሽማግሌ ናቸው፣ ብቸኛ ናቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው ነው የሚኖሩት። ዓመቱን ሙሉ የደገፋቸው ማነው? እኔ! እኔ ብሄድ የሳቸው ነገር ያበቃለታል። በየማክሰኞው በጠዋት መጥተው ማደሪያችን በር ላይ ይጠብቁኛል። ለምን? መንገድ እንዳሻግራቸው።

እንጃ፦ ማደሪያችን እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው። ታዲያ ወደኛ ሲመጡ ማን አሻገራቸው?

አውቃለሁ፦ [ትንሽ አሰብ አድርጎ] ናፍቆት! አንተ ናፍቆት ምን አቅም እንዳለው የት ታውቃለህ? ከዚያ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ እሳቸውም ጥብቅ አድርገው ይይዙኛል። መኪና ሲመጣ ወደ ኋላ ይጎትቱኛል።

እንጃ፦ እሳቸው ናቸው የሚጎትቱህ?

አውቃለሁ፦ ፈርተው ነዋ! እንዲያውም አንድ ቀን አውቶቡስ ሲመጣ ደንግጠው ኮሌታዬን አንቀው በጀርባዬ ዘረሩኝ።

እንጃ፦ አውቶቡሱ የሚመጣው ማን ላይ ነበር?

አውቃለሁ፦ እኔ ላይ። እሳቸውማ ገና እግረኛ መንገዱ ላይ ነበሩ።

እንጃ፦ አሃ።

አውቃለሁ፦ ምን «አሃ» ትላለህ? በዚያ ላይ ሾርባ ሠርተው ይመጣሉ። ብቻቸውን መብላት አይሆንላቸውም ምስኪን። እኔም ባይርበኝ እንኳ ለሳቸው ስል ጥርግ አድርጌ እበላለሁ።

እንጃ፦ እሳቸውስ ምን ያህል ይበላሉ?

አውቃለሁ፦ እኔን እያዩ ይጠግባሉ። ከዚያ ዳማ እንጫወታለን። ደስ ይበላቸው ብዬ ሆን ብዬ ጠጠሬን አስበላለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ እሳቸውም ጠጠራቸውን አምጥተው እፊቴ ይደቅኑታል። እኔ ይብሉ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ብላ ይሉኛል። ከምሳ ጀምረን በር እስኪዘጋ አንዲት ጨዋታ አታልቅም።

እንጃ፦ ሹራቡንስ የሰጡህ እሳቸው አይደሉ?

አውቃለሁ፦ [ሹራቡን እየዳበሰ] የውለታዬ ምስጋና ነው። አንተን ሹራብ የሸለመህ አለ?

እንጃ፦ የለም። እኔን ግን አንድ ቀን «ያ ጓደኛህ በጣም ይበርደዋል…»

አውቃለሁ፦ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ!

እንጃ፦ እሺ። ግን እሳቸውም እኮ እንዲህ ዓይነት ሰደርያ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ…

አውቃለሁ፦ አውቃለሁ አልኩህ እኮ! በርዷቸው ይሆናል፣ አንዱ አዝኖ አልብሷቸዋል።

እንጃ፦ አንተ ለምንድነው ቅዳሜ ስብሰባ የማትመጣው?

አውቃለሁ፦ መጥቼ ምን ልሠራ? የሚሉትን አውቃለሁ። [ሰደርያውን ነጥቆ ለበሰው።] ዝም በል፣ ተነሱ! አባባ ተነሱ!

[ሁለቱም አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። አዳራሹ ውስጥ አባባ ተነስተው ይናገራሉ። ድምፃቸው አይሰማም፣ እጃቸው ግን አያርፍም።]

አውቃለሁ፦ ተመልከት! ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱልኝ እኮ!

እንጃ፦ እያለቀሱ ነው ወይስ የሚያለቅስ ሰው እያሳዩ ነው?

አውቃለሁ፦ አንተ ሰው ሲያለቅስ አይተህ አታውቅም? አሁን ደግሞ እየው፣ ወዲያ ወዲህ እያዩ ተደናበሩ። «እሱ ባይኖር እንዲህ ነበር የምሆነው» ማለታቸው ነው።

እንጃ፦ ሰዉ ግን እየሳቀ ነው።

አውቃለሁ፦ ከደስታ ብዛት! ያውና፣ አጨበጨቡ። አለቀ፣ ደቀቀ!

[አስተባባሪዋ በሩን ገፋ አድርጋ እንጃን በእጇ ጠራችው። አውቃለሁ ብቻውን ቀረ። የሰደርያውን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። ማክሰኞ መጥቶ በሩ ላይ ማንም ሳይጠብቀው ሲቀር ታየው። «አባባን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ?» አለ ጮክ ብሎ። የሰማው ጀበናም ድስትም የለም፤ ሁሉንም እንጃ አጥቦ ቁምሳጥን ውስጥ ከቶታል። እንጃ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።]

አውቃለሁ፦ ምን አሉ? ተናገር እንጂ!

እንጃ፦ እንዴት ብዬ ልጀምርልህ…

አውቃለሁ፦ አውቃ…

እንጃ፦ አታውቅም! [ራሱም ደነገጠ።] ይቅርታ። ቀርተሃል። አባባ አጥብቀው ለምነውልሃል።

አውቃለሁ፦ [ዘሎ አቀፈው።] አላልኩህም? አላልኩህም? አይዞህ የኔ ወንድም፣ ሻንጣህን እኔ ራሴ አስርልሃለሁ።

እንጃ፦ እኔም ቀርቻለሁ።

አውቃለሁ፦ እንዴት ሆኖ? ቦታው አንድ ነው አልተባለም?

እንጃ፦ የበጎ ፈቃደኛው ቦታማ አንድ ነው። እሱን ለእኔ ሰጡኝ።

አውቃለሁ፦ እኔስ?

እንጃ፦ አንተ በተረጂነት ነው የቀረኸው።

[ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።]

አውቃለሁ፦ በምን?

እንጃ፦ አባባ እኮ ከእኛ በፊት ጀምሮ እዚህ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። የመጣን ሰሞን ዕቃ ቤት ገብተህ ስታለቅስ አስተባባሪዋ አየችህ። «እባክዎ፣ ይህን ሰው ይያዙልኝ» ብላ ለሳቸው ሰጠችህ። ማክሰኞ ያንተ ቀን ነው።

አውቃለሁ፦ የሳቸው ቀን ነው እንጂ! መንገዱንስ? ማን ነው የሚያሻግራቸው?

እንጃ፦ ሲደናበሩ ያየኸው አንተ መንገድ ስትሻገር የምትሆነውን ሲያሳዩ ነው። ሲያለቅሱ ያየኸውም አንተን ነው። «አሁን በጣም ተሻሽሏል፣ ሾርባውን ይጨርሳል፣ ማልቀሱንም ትቷል። መንገዱ ግን ገና ነው፤ አንድ ዓመት ጨምሩልኝ» አሉ።

አውቃለሁ፦ ዳማውስ?

እንጃ፦ «ደስ ይበለው ብዬ ልሸነፍለት ብሞክር ብሞክር፣ ይሄ ልጅ ማሸነፍ አይሆንለትም» አሉ።

አውቃለሁ፦ [ወንበር ላይ ዘፍ አለ።] ኧረ ጉዴ! ቆይ፣ ለአንተስ ማን መሰከረልህ?

እንጃ፦ አስተባባሪዋ «ዓመቱን ሙሉ ማንን ረዳህ?» ስትለኝ «እንጃ» አልኳት። ያን ጊዜ አባባ ተነስተው «ያንን ሰውዬ አንድ ክፍል ውስጥ ችሎት የኖረ ይሄ ነው» አሏት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

አውቃለሁ፦ አንተ ጉደኛ! ይህን ሁሉ እያወቅህ ዝም አልከኝ?

እንጃ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አውቃለሁ» ስትል የምታውቅ መስሎኝ ነዋ! እኔማ ሽማግሌውን ላለማሳፈር የምታስመስል መስሎኝ፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው» እያልኩ ሳደንቅህ ነው የከረምኩት።

[አውቃለሁ ሰደርያውን ቀስ ብሎ አወለቀና ለእንጃ አለበሰው፤ ኮሌታውን ሳይቀር አስተካከለለት። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። አባባ አረንጓዴ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ደፉ ላይ ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉለት፤ ወደ ቤት የመሄጃ ሰዓት ነው። አውቃለሁ ያንን ክንድ አየው። አፍሯል፣ ተናዷል። ግን አልሄድም፣ ማክሰኞም ይመጣል ብሎ ሲያስብ ደስታው ከሁሉም በለጠበትና እንባው ግጥም አለ።]

እንጃ፦ [በሹክሹክታ] አንተ፣ እንባህን ጥረግ! እሳቸው ካዩህ እኮ ሌላ ዓመት ያስጨምሩብሃል!

አውቃለሁ፦ አውቃለሁ።

[እንባውን ሳይጠርግ ሄዶ የአባባን ክንድ ያዘ።]