መጀመሪያ ጉዱን እዩ

ቤት ልግዛ ብሎ ሰፈር ለሰፈር የተንከራተተ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አሮጌው ሊፈርስ፣ አዲሱ ሊቆም ግማሽ ለግማሽ በተደበላለቀበት ሰፈር ሁሉ፣ ማንም ያልመረጣቸው፣ ማንም ያልሾማቸው፣ ማንም ደግሞ ሊሽራቸው የማይችል አንድ ክቡር ከንቲባ አሉ። ቢሯቸው የድንጋይ አጥር ነው። ማኅተማቸው ከዘራ ነው። የምሳ እረፍት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ምሳቸውን እዚያው አጥሩ ላይ ሆነው፣ አላፊ አግዳሚውን እየመረመሩ ይበላሉ።

የእኛው ከንቲባ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያሳፍሩና ሲያወርዱ ስለኖሩ፣ ዛሬም ወደ ሰፈሩ ማን እንደሚሳፈር የሚወስኑት እርሳቸው ይመስላቸዋል። ብዙም አልተሳሳቱም።

እኔና ባለቤቴ ወደ ግዛታቸው የገባነው ቸግሮን ነው። አከራያችን፣ “ልጄ ሊያገባ ነውና ክፍሎቹን እፈልጋቸዋለሁ” ብለውናል። ያለን ጥሪት ደግሞ የሚበቃው ለአንድ ቤት ነው። ከተሳሳትን፣ ተሳስተን እዚያው እናረጃለን ማለት ነው።

ደላላችን ሥራውን ያውቃል። ያመጣን እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ነው። በዋናው መንገድ አላስገባንም። በጀርባ በኩል፣ ባለ ሰማያዊ መስታወቱ አዲስ ፎቅ ሥር አዙሮ፣ “ይኸው ጂም፣ ይኸው የወተት አረፋ ላይ አበባ የሚሥሉበት ካፌ” እያለ መራን። “ወንድሜ ሙት፣ ዓመት ሳይሞላ እዚህ ለመግባት ሰው ይጋፋል” አለኝ። ቤቱ ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ እፍኝ የምታህል ግቢ አለው፤ ግቢዋ ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ። ባለቤቴ ቅጠሉን ቀጥፋ አሸተተች። ደላላው ይህን ሲያይ ቤቱን የሸጠው ያህል ፊቱ በራ።

ያኔ ነው ከአጥሩ ማዶ ከዘራ የተሰማው። ኳ፣ ኳ።

“ቤት ልትገዙ ነው?” አሉ ክቡር ከንቲባ።

“እያየን ነው፣ አባባ” አልኩ።

“እንግዲያው መጀመሪያ ጉዱን እዩ።”

“አባባ፣ ደንበኞቼን ተዉልኝ እንጂ” አለ ደላላው። በሰውዬው የተነሳ ገበያ ሲበላሽበት የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከድምፁ ያስታውቃል።

“አንተ ሳሎኑን አሳየሃቸው፣ ጎበዝ። ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ሳሎን አይውልም” አሉና በከዘራቸው ጠቅሰውን ቀደሙ። እንደ ተሳፋሪ ተሰልፈን ተከተልናቸው።

ክቡርነታቸው ጉድ ሲያስጎበኙ ቤተ መንግሥት የሚያስጎበኝ ሰው እንኳ እንደዚያ አይኮራም። “ይሄ የመብራት ምሰሶ ያዘነበለው በእኔ ዘመን ነው” አሉ፣ ራሳቸው ያሳደጉት ልጅ ይመስል እየዳበሱት። “የሰፈሩ ውሾች ሌሊቱን ሲጮኹ ያድራሉ፤ ሌባ ሲመጣ ብቻ ነው ዝም የሚሉት። ይሄ ብየዳ ቤት ነው፤ ዛሬ እሁድ ሆኖ ነው እንጂ፣ ብረት ሲቆርጥ ድምፁ የሚሰማችሁ ጥርሳችሁ ውስጥ ነው። ያ ፎቅ ደግሞ የከሰዓት ፀሐያችንን ወስዶብናል። ልብስ የምታሰጡ ከሆነ በጠዋት ነው።” በየመሃሉ፣ “ይሄ ገና ምኑ ታይቶ” ይላሉ።

በመጨረሻ ጥጉ ላይ አቆሙን። መንገዱን የሚያቋርጠው የፍሳሽ ቦይ ክዳኑ ተሰብሮ አፉን ከፍቷል። ደላላው ለምን በጀርባ በኩል እንዳዞረን ያኔ ገባኝ።

“ይሄ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ዋናው ነው።”

ቆመን ስናይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዘንቢል አንጠልጥለው መጡና፣ ወደ ታች ሳያዩ ዘለሉት። ሁለት ተማሪዎች እያወሩ መጡ፤ ወሬው ሳይቋረጥ ዘለሉት። የዚያ ብየዳ ቤት በያጅ ራሱ ከሱቅ ሲመለስ፣ እጁን ኪሱ እንደከተተ ዘለለው። እንዲህ ያለ አዘላለል ሌላ አገር ቢሆን ሜዳሊያ ያሸልም ነበር።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የምትሠራው አጥንት ክፍል ነው። ወገቧን ያዘች። ወገቧን ስትይዝ እኔ ወደ ኋላ እላለሁ፤ ክቡርነታቸው ግን ገና አያውቋትም።

“አባባ፣ እዚህ ስንት ሰው ተሰብሯል?”

“የሰፈር ሰው አንድም። እኛ እንዘላለን። የሚሰበረው እንግዳ ነው።”

“እንግዳ ሰው አይደለም?”

ክቡር ከንቲባው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በዘመነ ሥልጣናቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም።

“ለማዘጋጃ ቤት አልነገራችሁም?”

“ነገርን እንጂ። ‘ይታያል’ ተባልን።”

“መቼ?”

“ያ ፎቅ መሠረቱ ሲቆፈር።”

ፎቁ አሁን ሰባት ደርብ ሆኖ ካፌም ተከፍቶበታል። ባለቤቴ ወደ በያጁ ዞረች። “የብረት ክዳን መሥራት ትችላለህ?”

“እችላለሁ እንጂ። ማን አዞኝ።”

እኔ በልቤ ሰፈሩን ለቅቄ ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ደላላውም፣ “ሌላ ቤት አለኝ” እያለ እጄን ይጎትታል። ልንሄድ ስንል በያጁ ጠጋ ብሎ፣ “የፎቁ ባለቤት ያንን ቤት ለመኪና ማቆሚያ ሊያፈርሰው ይፈልጋል። ግድግዳው ከአባባ መኝታ ቤት ጋር አንድ ነው። ቤተሰብ ካልገዛው፣ ከራስጌያቸው መኪና ሲነሳና ሲጠፋ ሊያድር ነው” አለን።

ግራ ገባኝ። ወደ ክቡርነታቸው ተመለስኩ። “አባባ፣ ታዲያ ገዢ ለምን ያባርራሉ?”

“እኔ አላባርርም፤ አሳያለሁ” አሉ፣ ቅር ብሏቸው። “አይታችሁ ብትሄዱ በሰላም ሂዱ። ሳላሳያችሁ ብትገቡ ግን በየማለዳው በዚህ አጥር በኩል ዓይናችሁን ማየት አለብኝ።”

መንገዱን ሙሉ ቦዩን፣ ውሾቹን፣ ብየዳውን፣ ፀሐዩን እየደጋገምኩ ተናገርኩ። ባለቤቴ አስጨርሳኝ፣ “እስካሁን ያየናቸው ሰፈሮች ጉዳቸውን ደብቀው ነው የጠበቁን። እዚህ የቀረ የተደበቀ ነገር የለም። ሰውዬው የራሳቸውን እንቅልፍ ከእውነቱ አሳንሰው አዩት እኮ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ታመጣለህ?” አለችኝ።

እኔም በታላቅ ቆራጥነት ተስማማሁ።

ገብተን ዕቃችንን እንኳ ሳንፈታ ባለቤቴ በየቤቱ ዞረች። ብር አይደለም የለመነችው፤ አሮጌ ብረት ነው። አንዱ የተሰበረ የአልጋ እግር፣ አንዱ የበር ቁራጭ አወጣ። ወፍራሟ ሴትዮ የልጃቸውን የጥንት ብስክሌት አመጡ። ክቡርነታቸው ከሥራ ዘመናቸው ያስቀመጡትን የአውቶብስ መወጣጫ በሁለት እጃቸው ተሸክመው ሰጡ። በያጁ ሰፈሩን በሙሉ አንድ ላይ በየደው። ክዳኑ የተገጠመ ዕለት መንገዱ በሰው ጢም አለ። እኔ የባለቤቴ ባል መሆኔን ያላወቀ እንግዳ እንዳይኖር ብዙ ደከምኩ።

በማግስቱ ወፍራሟ ሴትዮ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው መጡና ዘለሉ። ተማሪዎቹ ዘለሉ። በያጁ፣ የገዛ እጁን ሥራ ዘለለው።

“ክዳን አለው እኮ” አለች ባለቤቴ።

“እናውቃለን፣ የኔ ልጅ” አሉ ሴትዮዋ፤ “እግራችን ነው ያልሰማው።”

ባለፈው እሁድ ደላላው ለሌላ ቤት ወጣት ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ክቡር ከንቲባው ከአጥራቸው ወርደው፣ “መጀመሪያ ጉዱን እዩ” ብለው መሯቸው። ምሰሶውን አሳዩ፤ ፎቁን አሳዩ፤ ጥጉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። መሬቱ ልሙጥ ነው። ከዘራቸው ክዳኑን ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

“የቱ ጋ ነው?” አለ ወጣቱ።

“እዚህ ጋ ነበር” አሉ ክቡርነታቸው። ሥልጣናቸውን ያስረከቡ ይመስሉ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ዳቦ በብብቴ ይዤ፣ ስልኬን በጆሮዬ ደግፌ፣ ከባለቤቴ ጋር እያወራሁ ከሱቅ እየተመለስኩ ነው። ጥጉ ላይ ደረስኩ። ልሙጡን መሬት፣ ባለቤቴ ያስሠራችውን ክዳን፣ ሚዳቋ በማታፍርበት አዘላለል ዘለልኩት። ወጣቶቹ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

የክቡርነታቸው ፊት በራ። ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

“ይኸውላችሁ ዋናው” አሉ። “ጎረቤቴ ነው።”

ኮሌታዬን አስተካከልኩና፣ ጎብኚዎቹ በደንብ እንዲያዩኝ ቆም አልኩላቸው።